ጎማ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር፦ ስለ መኪና ምቾት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«መኪናዬ ትንጣለች፣ ምን ልቀይርላት?» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ ዕቃ ገዝቶ ይወጣል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ወይም ያለቀ ጎሚኒ (በእግሩ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ያለው ላስቲክ) ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ምንም ወጪ ከሌለው ነገር ጀምረው ወደ ውዱ ይሄዳሉ። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት ከሚታዩ መኪኖች ነው።

መኪናን ምቹ የሚያደርገው ጎማው ነው ወይስ ሞላና ሾክ አብዞርበሩ?

ሁለቱም ናቸው፤ የሥራ ድርሻቸው ግን ይለያያል። የኮብልስቶን ስንጥቅ፣ ጠጠር፣ የተላጠ አስፋልት ጠርዝ የመሳሰሉትን ትናንሽና ሹል ምቶች መጀመሪያ የሚውጠው ጎማው ነው። ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲመጣ ሥራው ወደ ሞላው ይሻገራል። ሾክ አብዞርበር፣ አሞርዛተር የሚሉትም አሉ፣ የመኪናዋን ክብደት አይሸከምም። የእሱ ሥራ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን እንዳይቀጥል እንቅስቃሴውን በዘይት ውስጥ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው።

በቁጥር ስናየው የአንድ ተራ የቤት መኪና ጎማ 1 ሚሊሜትር እንዲጨመቅ በግምት 200 ኒውተን፣ ማለትም 20 ኪሎ ያህል ጭነት ይፈልጋል። ለሞላው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ይበቃዋል። የመኪናዋ አካል በሞላው ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ይወዛወዛል፤ እግሯ (ጎማው፣ ቸርኬውና የተያዙበት ክፍል) ለብቻው ግን በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሊዘል ይችላል። የሰው ሰውነት ከሁሉ በላይ የሚጠላው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደርስ የላይ ታች መንቀጥቀጥን ነው።

ይህን ካወቁ ምርመራው ይቀላል። ኮብልስቶን ላይ መሪውና ወንበሩ «ትርርር» የሚሉ ከሆነ መጀመሪያ ጎማውንና ጎሚኒዎቹን ይዩ። መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ እንደ ጀልባ የምትወዛወዝ ከሆነ ሾኩ ደክሟል። አራት ሰው ሲሳፈር «ዱብ» ብላ መሬት የመታች ያህል የምትሰማ ከሆነ ደግሞ ሞላው ወርዷል፣ ወይም የመጋጫው ላስቲክ (ሞላው ተጨምቆ ሲያልቅ ብረት ከብረት እንዳይመታ የሚከላከለው) ተበልቷል።

ንፋስ ስንት ልሙላ?

ፋብሪካው ያዘዘውን። ቁጥሩ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከጃፓን የገቡ መኪኖች ወረቀት በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፤ 220 ወይም 230 የሚለው በኪሎፓስካል ነው። 220 ማለት በጎሚስታ ቤት በሚነገረው የንፋስ መለኪያ 32 ፒኤስአይ፣ 230 ማለት 33 ፒኤስአይ ያህል ነው። በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ የሚገኘው 44 ወይም 51 ፒኤስአይ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚሞላበት መጠን አይደለም። ይህን ቁጥር አይቶ መሙላት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

33 መያዝ የነበረበት ጎማ 42 ሲሞላ ጎኑ መታጠፍ ያቆምና እያንዳንዱን ድንጋይ ሳይቀንስ ወደ መኪናዋ ያስተላልፋል። ጥርሱም መሐል መሐሉ ይበላል፤ ዝናብ ሲሆን መሬት የሚይዝበት ስፋት ያንሳል። «ለነዳጅ ቁጠባ ጠንከር ይበል» የሚለው ምክር ምቾቱንና ፍሬኑን ያስከፍላል።

በተቃራኒው ለምቾት ብሎ ከታዘዘው በታች ማውረድ የባሰ ነው። ጎኑ ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ይሞቃል፤ ጉድጓድ ሲገባም ቸርኬው ጎማውን ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር አጣብቆ ይቆርጠዋል። ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያክል እብጠት የሚወጣው እንዲህ ነው። እብጠት የወጣበት ጎማ አይጠገንም፤ መቀየር አለበት።

የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት፣ ወይም ከ2 ኪሎሜትር ያነሰ ነድተው። ረጅም መንገድ ሄደው ሲለኩት ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ጨምሮ ቢያገኙት ጤናማ ነው፤ አያስተንፍሱት። የጎሚስታ ቤት መለኪያዎች ብዙ ስለሚወድቁና ስለሚመቱ ሊሳሳቱ ይችላሉ። የራስዎን ትንሽ መለኪያ ገዝተው የመኪና ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ለምቾት ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የተሻለው ነው ብለን እናምናለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ስወርድ ንፋሱን ማስተካከል አለብኝ?

መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ስስ ነው። ወደ ሰመራ ሲወርዱ አየሩ ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 3 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ያሳያል። በሌላ በኩል ጎማው በ15 ዲግሪ ተሞልቶ ወደ 40 ዲግሪ ሲገባ ሙቀቱ ብቻውን 4 ፒኤስአይ የሚጠጋ ይጨምርበታል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚካካሱ በጉዞ ላይ የሚሠራ ነገር የለም። ደርሰው ካደሩ ግን በማግስቱ ጠዋት ሳይነዱ ለክተው ወደ ታዘዘው መጠን ይመልሱት፤ ወደ ደጋ ሲመለሱም እንዲሁ።

ትልቅ ቸርኬ ባስገባ መኪናዬ ትመቻለች?

አትመችም። በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ከቻሉ ምክንያቱን ራሱ ቁጥሩ ይነግርዎታል። 195/65 አር 15 ሲባል ስፋቱ 195 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ነው። ኮሮላን እንውሰድ። በ195/65 አር 15 የጎኑ ከፍታ 127 ሚሊሜትር ነው። ወደ 205/55 አር 16 ሲሄዱ 113 ይሆናል። በ225/45 አር 17 ደግሞ 101 ብቻ ይቀራል። የሦስቱም ጠቅላላ ቁመት 63 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ መኪናዋ ከፍ አትልም። የተለወጠው ነገር ምቱን ይውጥ ከነበረው ላስቲክና አየር 26 ሚሊሜትሩ በብረት መተካቱ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ቸርኬዎች ክብደታቸውም ይበልጣል። እግሩ ሲከብድ ደግሞ ሞላና ሾኩ ከመሬቱ ጋር አስማምተው ሊቆጣጠሩት ይቸገራሉ። ጉድጓድ ላይ የሚጣመመውም ይኸው ቸርኬ ነው።

ምቾት ከፈለጉ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ባለ 16 ወይም ባለ 17 ኢንች ይዛ የገባች መኪና ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል ባለ 15 ከሠራላትና ቸርኬው የፍሬኑን ካሊፐር ካልነካ፣ ወደ 15 መውረድ አዲስ ሾክ ከመግዛት በላይ ለውጥ ያመጣል።

ያንኑ ቸርኬ ይዤ ጎማውን ብቻ ወፍራም ባደርግስ?

ይቻላል፤ እንዲያውም ለከተማችን መንገድ ጥሩ ሐሳብ ነው። የጠቅላላ ቁመት ጭማሪው ግን ከ3 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በቪትዝ ላይ 185/60 አር 15 የነበረው ወደ 185/65 አር 15 ሲቀየር የጎኑ ከፍታ ከ111 ወደ 120 ሚሊሜትር ያድጋል፤ መኪናዋም ከመሬት 9 ሚሊሜትር ከፍ ትላለች። ከመግዛትዎ በፊት አንዱን ጎማ አስገጥመው መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም አቅጣጫ ያዙሩና የውስጠኛውን ፕላስቲክ ወይም የሾኩን እግር የሚነካ መሆኑን ይዩ። ፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ ትክክለኛ ፍጥነትዎ ከበፊቱ በ3 ኪሎሜትር ገደማ እንደሚበልጥም ይወቁ።

ጎማ ስገዛ ከመጠኑ ሌላ ምን ልይ?

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመሸከም አቅሙ ነው፤ 82 ማለት 475 ኪሎ፣ 88 ማለት 560፣ 91 ማለት 615 ኪሎ በአንድ ጎማ። ፋብሪካው ካዘዘው በታች አይግዙ። ተከትሎ ያለው ፊደል የፍጥነት ደረጃ ነው፤ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎሜትር በሰዓት። መኪናዋ ቲ የምትጠይቅ ከሆነ ቪ መግዛት ምቾት አይጨምርም፤ ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ ጎማ ብዙ ጊዜ አካሉ ጠጠር ያለ ነው። ኤክስኤል የሚል ካለበት አካሉ ተጠናክሯል ማለት ነው። ክብደታቸው ከፍ ላለ የቤት መኪኖች ያስፈልጋል፤ ለቪትዝና ለያሪስ ግን አላስፈላጊ ድርቀት ነው።

የተመረተበት ቀን ደግሞ እንዳያልፍዎ። በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2321 ካለ በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2013 መጀመሪያ ግድም መሆኑ ነው። ሻጩ «የ21 ነው» ሲልዎት የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስታውሰው ያስሉ። መጋዘን ውስጥ የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ይንጣል፣ ይጮኻል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ያንሸራትታል። ከ6 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፤ 10 ዓመት የሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር።

ሾክ አብዞርበሬ መሞቱን በምን አውቃለሁ?

የመኪናዋን ጥግ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ የተለመደ ፈተና ነው። ከተለቀቀች በኋላ ወደ ላይ ወጥታ አንዴ ተመልሳ ካልቆመች ሾኩ አልቋል። ፈተናውን ማለፍ ግን ጤናማነትን አያረጋግጥም፤ በከፊል የደከመ ሾክ በእጅ ግፊት አይጋለጥም። የተሻለው ምስክር ጎማው ነው። መዳፍዎን በጥርሱ ዙሪያ ያስኪዱ። ጥርሱ በየተወሰነ ርቀት ገባ ወጣ እያለ በማንኪያ የተዛቀ ከመሰለ፣ እግሩ መሬት ላይ እየነጠረ ኖሯል ማለት ነው። ባላንስ ያልተደረገ (ክብደቱ በዙሪያው እኩል ያልሆነ) ጎማም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል ባላንሱን አብረው ያስለኩ።

በሾኩ አካል ላይ ቀጭን የዘይት ወዝና አቧራ መኖሩ ብቻውን ችግር አይደለም። ዘይቱ ወደ ታች ሲወርድ ከታየና ከታች ጭቃ ከሠራ ግን ማኅተሙ ተቀዷል።

ጠንካራ ሾክ ወይም ጋዝ ያለው ሾክ የተሻለ ነው?

ጋዝ የሚለው ቃል ብዙ ያሳስታል። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሾኮች ጋዝ አላቸው፤ ጋዙ የገባው ዘይቱ ፈጥኖ ሲመላለስ አረፋ እንዳይሠራ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አሠራሩ ነው። ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ዝቅተኛ የጋዝ ግፊት ስላለው ለስለስ ይላል። ባለ አንድ ቱቦው ከፍተኛ ግፊት ያለው ሲሆን ሙቀትን በተሻለ ያወጣል፤ ትንንሽ ምቶችን ግን ይበልጥ ያሰማል። የጃፓኑ ሾክ አምራች ኬዋይቢ ሁለቱንም ይሠራል፤ ኤክሴል ጂ የሚለው መስመሩ ባለ ሁለት ቱቦ ሲሆን ለፋብሪካው ስሜት ቅርብ ነው፣ ጋዝ ኤ ጀስት የሚለው ባለ አንድ ቱቦና ጠንከር ያለ ነው። ከተማ ውስጥ ቤተሰብ ለምታመላልስ መኪና የመጀመሪያውን እንመክራለን።

ከተበተነ መኪና የወጣ ያገለገለ ሾክ አይግዙ። ሞላ፣ ሎወር አርም (እግሩን ከታች ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው ክንድ)፣ ቸርኬ ያገለገለ ቢሆን ያስኬዳል፤ የሾክ ዘይትና ማኅተም ግን አብረው አርጅተዋል፣ ለመቀየር የሚከፈለው የእጅ ዋጋም ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የሻንሲ ቁጥሩንና አሮጌው ሾክ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ቪትዝ ቪትዝ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም፤ ዓመቱ፣ የሞተሩ መጠንና ባለ አራት ጎማ ጎታች መሆኗ ይለያያል።

አዲስ ሾክ አስገጥሜ መኪናዬ ከበፊቱ የባሰ ትንጣለች፤ ለምን?

ይህ በጣም በብዛት የሚመጣ ቅሬታ ሲሆን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው።

አንደኛውና ዋናው፦ መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ እግሮቿ እንደተንጠለጠሉ የጎሚኒ ቡሎኖችን ማጥበቅ። በሎወር አርምና በኋላ ሾክ ጫፍ ያለው ጎሚኒ ላስቲኩ ከውጭም ከውስጥም ከብረት ጋር ተጣብቋል፤ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ገና ከመነሻው ተጠምዞ ይቀራል። እንደ ተጨማሪ ሞላ እየገፋ ያደርቃታል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። መፍትሔው ዋጋ የለውም፦ ቡሎኖቹን አላልቶ፣ መኪናዋን በጎማዋ አቁሞ፣ ጥግ ጥጓን ተጭኖ አወዛውዞ፣ ከዚያ ማጥበቅ። ጋራዡ ጉድጓድ ወይም በጎማ የሚቆሙበት ሊፍት ያስፈልገዋል፤ ያ ከሌለ ክሪኩን ሎወር አርሙ ሥር አድርጎ የመኪናዋን ክብደት እስኪሸከም ማንሳት ይበቃል።

ሁለተኛው፦ አዲሱን ሾክ ከካርቶን አውጥቶ ሳያስተነፍሱ መግጠም። ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ተኝቶ ስለሚጓጓዝ ጋዙ ወደ ሥራው ቱቦ ይገባል። አቁመው ዘንጉን ሦስት አራት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይጫኑትና ይመልሱት፤ ከዚያም ሳያስተኙ ይግጠሙት።

ሦስተኛው፦ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ መያዝ። አንድ ጭረት ብቻ ማኅተሙን በየቀኑ ትበላዋለች፤ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር «ዕቃው አስመሳይ ነው» ይባላል። የመሐሉን ዳዶ በአየር መፍቻ መምታትም ዘንጉን ስለሚያሽከረክረው የውስጡን ክፍል ሊያላላው ይችላል፤ በእጅ ቁልፍ ይጠበቅ።

አራተኛው፦ አሮጌውን የመጋጫ ላስቲክና የአቧራ መከላከያ መልሶ መጠቀም ወይም ጨርሶ መተው። የመጋጫው ላስቲክ የሌለው ሾክ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ይመታል። ከላይ ሾኩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው ማውንቲንግ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ አዲሱ ሾክም ይንኳኳል፤ መሪ ሲዞር ሞላው «ቋ» ብሎ የሚዘል ከሆነ የማውንቲንጉ ኩሽኔታ ነው።

ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል፤ የፊቶቹ ሁለቱ አንድ ላይ፣ የኋላዎቹም እንዲሁ። ከፊቶቹ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው። በቤት ለመሥራት ላሰበ ሰው አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ሞላው በሁለት መጭመቂያ ተይዞ ከመቀመጫው ሳይላቀቅ የመሐሉን ዳዶ ፈጽሞ አይፍቱ። የተጨመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።

መኪናዬ መሬት ትነካለች፤ ላስነሳት?

ማስነሳት ሦስት መንገድ አለው፤ በምቾት ረገድ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

በሞላው ጥቅልሎች መካከል ላስቲክ መሰንጎር በጣም ርካሹና በጣም መጥፎው ነው። ስድስት የሚሠሩ ጥቅልሎች ያሉት ሞላ አንዱ ሲታሰር በአምስት ይሠራል፤ ጥንካሬውም 20 በመቶ ይጨምራል። መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ነገር ግን ትደርቃለች። ላስቲኩ ቀለሙን ፍቆ ውሃና ጭቃ ስለሚይዝ ሞላው በዚያው ቦታ ዝጎ ይሰበራል።

ከማውንቲንጉ በላይ የሚገባ ስፔሰር የሞላውን ጥንካሬም ሆነ የሾኩን ጉዞ አይነካም፤ ስለዚህ የፊት ለፊቱ ምቾት ብዙም አይለወጥም። ዋጋው የሚከፈለው በሌላ ቦታ ነው፦ የእግሩ አክስል ወደ ታች ስለሚያዘነብል ሲቪ ጆይንቱ (አክስሉ የሚተጣጠፍበት መገጣጠሚያ) ቶሎ ያልቃል፣ ቦል ጆይንቱ (እግሩን ከሎወር አርሙ ጋር የሚያያዘው) ይወጠራል፣ የጎማው አቋም ይለወጣል። ለትናንሽ የፊት ጎታች መኪኖች ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ላይ ቢቆም ጥሩ ነው፤ ከ30 በላይ አንመክርም። ከኋላ ጉዳዩ ይለያል። በቪትዝ የኋላ ሞላና ሾክ ለየብቻ ስለተቀመጡ፣ ከሞላው ሥር ስፔሰር ሲገባ ሾኩ ተወጥሮ ይቆማል። ጉብታ አልፎ እግሩ ሲወርድ ሾኩ ጫፉ ላይ ደርሶ «ጓ» ይላል፤ ብዙዎች ይህን ድምፅ ሰምተው ደኅናውን ሾክ ይቀይራሉ። የሚፈለገው ረዘም ያለ ሾክ ወይም በስፔሰሩ ልክ የሚያራዝም እግር ነው።

ሦስተኛው ረዘም ካለ ሞላ ጋር የተመጣጠነ ሾክ በአንድ ላይ መቀየር ነው። ውድ ነው፤ በትክክል የሚሠራውም እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መኪናዋ ለምን ዝቅ እንዳለች ይለኩ። ከቸርኬው መሐል እስከ መከላከያው ጠርዝ በአራቱም በኩል በሜትር ይያዙ። ግራና ቀኙ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ ሞላው ደክሟል ወይም ከታች ተሰብሯል። የታችኛው ጥቅልል ጫፍ መሰበር በቀላሉ በዓይን ስለማይታይ በመብራት ተፈልጎ ይገኛል። አዲስ የፋብሪካ ሞላ መግጠም ብቻውን የጠፋውን ከፍታ ይመልሳል።

ሾኩ አዲስ ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፣ አሁንም ይንኳኳል።

እንግዲህ ጎሚኒና ጆይንት ናቸው። በዝግታ ኮብልስቶን ላይ «ጣ ጣ ጣ» የሚል ቀላል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳታዘነብል የሚይዘው ብረት ማገናኛ) ነው፤ ርካሽና ለመቀየር ቀላል ነው። ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ አንድ ከባድ «ዱም» ካለ የሎወር አርም የኋላ ጎሚኒ ነው። በሌቫ ገፋ አድርገው ሲያዩት ላስቲኩ ከብረቱ ተለይቶ ይታያል። መሪ ላይ የሚሰማ ልልነት ካለ የመኪናዋን አፍንጫ አንስተው ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ይነቅንቁ፤ ከተላወሰ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁ ከተላወሰ ቦል ጆይንት ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። የቦል ጆይንት ልልነት የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ሲነቀል እግሩ ይወድቃልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር።

በላስቲክ ፋንታ ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ «አያልቅም» ተብሎ ይሸጣል። ዕድሜው ሊረዝም ይችላል፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ ንዝረትና ድምፅ ይጨምራል። ለምቾት ላስቲክ ይግዙ።

ሃያስ ወይም ፒካፕ ባዶውን ለምን እንዲህ ይዘላል?

ባሌስትራው (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው የኋላ ሞላ) የተሠራው ለጭነት ስለሆነ ነው። አንድ ቅጠል ሲጨመርበት ጥንካሬው ባዶም ሲሆን ይጨምራል፤ ለወር አንድ ጊዜ ጭነት ብሎ ቅጠል ያስጨመረ ሰው ቀሪውን ጊዜ ተሳፋሪውን ያንገላታል። የተጨመረውን ማውጣት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሁለተኛው በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ዝገት ማስወገድ ነው። ዝገትና ጭቃ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ስለሚይዛቸው ትንንሽ ምቶች ሲመጡ ባሌስትራው ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ይፈታ፣ በብረት ብሩሽ ይጽዳ፣ በግራፋይት ግሪስ ይቀባ፣ በቅጠሎቹ ጫፍ ያለው ማንሸራተቻ ፕላስቲክ ይተካ። ዩ ቦልቶቹ አንዴ ከጠበቁ በኋላ ስለሚወጠሩ አዲስ ይግዙ፤ 500 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠበቁ። ጎማው ኤልቲ ወይም ባለ 10 ፕላይ (ለጭነት የተጠናከረ) ከሆነ ለሙሉ ጭነት የታዘዘውን ንፋስ ባዶውን ይዞ መሄድ ዝላዩን ያባብሰዋል፤ በበሩ ወረቀት ላይ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ቁጥር መኖሩን ይመልከቱ።

ለገጠር ጠጠር መንገድ ላንድክሩዘሬን ላሳድጋት?

የሚሸጡት ኪቶች፣ እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት የአውስትራሊያ ዕቃዎች፣ ሞላውን በጭነት ልክ ለይተው ያቀርባሉ። ትልቁ ስህተት «ጠንካራ ይሁን» ብሎ ለሙሉ ጭነት የተሠራውን ባዶ ለምትሄድ መኪና መግዛት ነው። ዘወትር የሚጭኑትን በኪሎ ይገምቱና በዚያ ልክ ይምረጡ። 50 ሚሊሜትር ከፍ ያለች መኪና የፊት እግሮቿ አቋም ስለሚለወጥ መሪው ወደ መሐል መመለስ ያቅተዋል፤ አላይመንቱ ላይ ካስተሩ (የፊት እግሩ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን) ካልተስተካከለ ረጅም መንገድ ላይ ሾፌሩን ያደክማል።

እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ጠጠር መንገድ ላይ ሾኩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ ይግላል፤ የጋለ ዘይት ይቀጥንና መያዝ ያቆማል። ከ40 ኪሎሜትር በኋላ መኪናዋ መንሸራተት ከጀመረች ቆም ብለው ያቀዝቅዟት። ውሃ አያፍስሱበት። በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ብቻ፣ ጭነት ካልበዛ የጎማውን ንፋስ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀንሶ በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር በታች መንዳት ለሰውም ለሾኩም እረፍት ነው። አስፋልት ሲደርሱ ወዲያው ይሙሉት፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰር ሳይዙ አይቀንሱ።

የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከድሮዋ የበለጠ የምትንጠው ለምንድን ነው?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ሞላውም ጎማውም በዚያው ልክ ጠንክረው ይሠራሉ። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት 2 ቶን ገደማ ይመዝናሉ። ለስላሳ ይሆንልኛል ብሎ የመሸከም ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ጎማ መግጠም አደገኛ ነው፤ የታዘዘው ኤክስኤል ከሆነ ኤክስኤል ይግዙ። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ደግሞ የጎማና የጎሚኒ ድምፅ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል። በአይዲ 4 የኋላው ጎማ ከፊቱ ስለሚሰፋ ፊትና ኋላ ማቀያየር አይቻልም። አንዳንድ ጎማዎች ውስጣቸው ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ አላቸው፤ ጎሚስታው ሲጠግን ስፖንጁን በቦታው ብቻ ቆርጦ ማንሳት እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩት። ባትሪው ከታች ስላለ በስፔሰር ለማስነሳት ከማሰብዎ በፊት የዋስትናውን ውል ያንብቡ።

በ90 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሲጨምር ይተዋል። ሾክ ነው?

አይደለም፤ ባላንስ ነው። ቸርኬው ላይ የተለጠፈው የባላንስ ክብደት (እርሳስ) ወድቆ፣ ወይም በውስጥ በኩል ጭቃ ደርቆ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቸርኬውን በውስጥ በኩል ያጥቡት። ከባላንስ በኋላም ካልተወ ቸርኬው ተጣሞ እንደሆነ ማሽኑ ላይ እያዞሩ ይዩ። ጎማው ሲመለስ ዳዶዎቹ በኮከብ ቅርጽ ተራ በተራ ይጠበቁ፤ ለአብዛኞቹ ትናንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ናይትሮጅን ልሙላ?

ተራው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በምቾት የሚሰማ ልዩነት የለም። ለእሱ የሚከፍሉትን ገንዘብ ለአላይመንት ያውሉት።